የማሲ 165 ትራክተር ባለቤቶች፣ «236 ነው» ተብሎ ከሚሸጥ ሞተር ተጠንቀቁ

ይህን የምጽፈው ትናንት ከአዳማ ወደ አሰላ ባዶ እጄን ከተመለስሁ በኋላ ስለሆነ፣ ቃሌ ቢመር ይቅርታ ይደረግልኝ።

ትራክተሬ አሮጌ ማሲ ፈርጉሰን 165 ናት። ሞተሯ 212 ፐርኪንስ ነበር፤ ዘይት የማይበላ፣ በማለዳ ብርድ እንኳ ሳያስቸግር የሚነሣ ሞተር። ነገር ግን ኮትቻ መሬት ላይ ባለ ሦስት ዲስክ ማረሻ ስትጎትት ትደክም ስለነበር፣ 236 ላስገባላት አሰብሁ። ቁጥሮቹ የሞተሩን መጠን በኪዩቢክ ኢንች የሚናገሩ ናቸው፤ 212 ሦስት ሊትር ተኩል ግድም ሲሆን፣ 236 ወደ አራት ሊትር ይጠጋል። ከውጭ ለሚያያቸው መንታ ናቸው፣ የሲሊንደራቸው ስፋትም አንድ ነው፤ ዋናው ልዩነታቸው ፒስተኑ ወጥቶ የሚወርድበት ርዝመት ነው። ሻጩ የሚነግደው በዚሁ ነው።

ጋራዡን ታውቁታላችሁ፤ ዓይነቱን ማለቴ ነው። ሻይ ይታዘዝላችኋል፣ «ከኮምባይነር የወረደ፣ ያልተነካ» ይባልላችኋል፣ የራሳችሁ ሞተር ደግሞ በስካርቶ፣ ማለትም በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ይታሰብላችኋል። እኔም 280,000 ብር ጨምሬ ሞተሬን አስረከብሁ።

ከመፈረሜ በፊት፣ በብሎኩ ጎን የሞተር ቁጥር የሚመታበትን ቦታ ለማየት ጎንበስ ብዬ ነበር። ቦታው በሞላ ተፈግፍጎ ግራጫ ቀለም ተቀብቷል፤ ቀለሙ ገና ስላልደረቀ ጣቴ ላይ ቀረ። ጣቴን አሳየሁት። ባለቤቱ ጨርቅ አቀበለኝና፣ «ጋሼ፣ እርስዎ የሚያርሱት በሞተሩ ነው ወይስ በቁጥሩ?» አለኝ። ልጆቹ ሳቁ፤ እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ። ከዚያም ጣቴን ጠርጌ ፈረምሁ። ከብሩ ይልቅ እስካሁን የሚያንገበግበኝ ያ ሳቄ ነው።

እርሻ በገባሁ በአራተኛው ቀን ውሃና ዘይት ተቀላቀለ። የሰፈራችን መካኒክ ቴስታውን፣ ማለትም የሞተሩን የላይ ክዳን አውርዶ፣ ሞተሩን በእጅ እያዞረ ፒስተኑ ከታች እስከ ላይ የሚሄድበትን በካሊበር ለካ። 236 ቢሆን 127 ሚሊ ሜትር መምጣት ነበረበት፤ የመጣው 114 ነው። አላመንሁም፤ ደግሞ አስለካሁት። ደኅናውን 212 ሰጥቼ፣ በላዩም ብር ጨምሬ፣ ዕድሜውን የጨረሰ ሌላ 212 ገዝቻለሁ ማለት ነው።

ትናንት ልጠይቅ ስሄድ ባለቤቱ ከስልኩ ቀና ሳይል «ደረሰኝህን አንብበው» አለኝ፤ ያን ቀን «እርስዎ» ሲለኝ የነበረው ሰው ማለት ነው። ደረሰኙ የሚለው «አንድ ያገለገለ የትራክተር ሞተር» ብቻ ነው። ስወጣ በር አጠገብ እንጨት ላይ የቆመ፣ ታጥቦ ቀለም የተቀባ ሞተር አየሁ። የውሃ ፓምፑ አንድ ብሎን ከሌሎቹ ይለያል፤ አምና ዋናው ተሰብሮብኝ የራሴው እጅ የተካው ብሎን ነው። አንዱን ልጅ ይህ ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው፣ «236 ነው» አለኝ።

የምትገዙ ካላችሁ፣ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ቴስታውን አስወርዳችሁ አስለኩ፣ የሞተሩን ቁጥርም ደረሰኙ ላይ አስጽፉ፤ በብዙዎቹ 236 ሞተሮች ላይ ቁጥሩ በእንግሊዝኛዎቹ ኤልና ዲ ፊደላት ይጀምራል። የድሮ ሞተራችሁንም አዲሱ ማረሻ ጎትቶ እስክታዩት ድረስ ከግቢያችሁ አታስወጡት።