የጤና ጣቢያው የሲጋራ ትምህርት፦ ትምህርቱ አሪፍ፣ በጀቱ የለም

እዚህ ደብረ ብርሃን ሰፈራችን ጤና ጣቢያ ስለ ሲጋራ የሚሰጠው ትምህርት እንዴት ነው ላላችሁኝ፣ ሂዱ ባይ ነኝ ግን ብዙ አትጠብቁ። ሲስተሯ እሳት ናት! አንዱ «ለብርዱ ብዬ ነው የማጨሰው» ሲላት (የኛ ከተማ ሰው ሰበቡ መቼም ብርድ ነው) ሲጋራ የደም ስር አጥብቦ እጅና እግርን ጭራሽ እንደሚያቀዘቅዝ ስታስረዳው ፀጥ አለ። ማቴሪያሉ ግን ያሳዝናል፣ ፎቶኮፒው ከመደብዘዙ የተነሳ ሳንባው ከጉበት አይለይም፣ እሱንም ከኪሷ ነው ያባዛችው አሉ። በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው ሲጋራ መሸጥ ክልክል ነው ተባልን፣ ከዛ ስንወጣ በሩ ላይ ካለው ኪዮስክ ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ ሲጋራ በፍሬ ሲገዛ አየን፣ ማን ይቆጣጠር? ዞሮ ለመቆጣጠርም እኮ ሰውና የትራንስፖርት ብር ይፈልጋል። የ2012ቱ ኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ሲጋራ ላይ ከ30 ፐርሰንት ታክስ ሌላ በፓኬት 8 ብር ጥሎ ነበር፣ ከሱ ላይ ሽርፍራፊ እንኳን እዚህ ቢወርድ ፖስተሩ በከለር ይታተም ነበር። ለሲስተሯ 5 ከ5፣ ለበጀቱ 1፣ እሱም ለወንበሮቹ። ሐሙስ ከሰዓት ነው፣ ካርድ ማውጣት አያስፈልግም።