የአማቴ መንደር፦ ሦስት ሳምንት በጉጃራት ገጠር

ባለቤቴ የህንዷ ጉጃራት ግዛት ልጅ ነው፤ የምንኖረው ለንደን። ባለፈው ጥር እናቱን ልንጠይቅ አናንድ ከተማ አጠገብ ወዳለችው የገበሬ መንደራቸው ሄደን ሦስት ሳምንት ቆየን። ህንዳዊ ያገቡ ጓደኞቼ እየደወሉ «እንዴት ነው? ይኖራል እንዴ?» ስለሚሉኝ ያየሁትን ልጻፍላቸው።

ከሙምባይ እስከ አናንድ በባቡር፣ ከዚያ በባጃጅ ነው። ባጃጅን በአገሩ ተሳፈርኩ ማለት ነው። ባቡሩ ንጹሕ ነበር፤ ሻንጣ ግን አታብዙ።

ያበሳጨኝ ሲም ካርዱ ነው። ፓስፖርት፣ የቪዛ ኮፒ፣ ጉርድ ፎቶና የአገሬው ተጠሪ ስልክ ተባልኩ፤ ሁሉን አቅርቤም መስመሩ የተከፈተልኝ በሦስተኛው ቀን ነው። የአገሩ ሰው አድሃር በሚሉት መታወቂያና በጣት አሻራው ወዲያው አውጥቶ ይሄዳል። (የእኛ ፋይዳ የቆመበት ሶፍትዌርም ባንጋሎር የተሠራ ነው።) ያለ ስልክ ቁጥር ደግሞ ገንዘብ መክፈልም ጣጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ዩፒአይ የሚሉት የስልክ ክፍያ ከመጣ ወዲህ ሻይ ሻጩ ሳይቀር ጋሪው ላይ ኪውአር ኮድ ለጥፏል። የ20 ሩፒ ሻይ ጠጥቼ 500 ብዘረጋለት ዝርዝር አልነበረውም። «ነገ ትሰጪኛለሽ» ብሎ ሸኘኝ፤ ስሜን ባያውቅም የማን ምራት እንደሆንኩ ያውቃል።

ወደ ወተቱ ልምጣ። አማቴ ሁለት የቤት ጎሾች አሏቸው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ካኒስተራቸውን ይዘው ወደ መንደሩ የወተት ማኅበር ሲሄዱ ተከተልኳቸው። ተራቸው ሲደርስ የአባልነት ቁጥራቸውን ይናገራሉ፣ ወተቱ ይመዘናል፣ ከላዩ ጥቂት ተቀድቶ መለኪያው ማሽን ውስጥ ይገባል፣ የቅባቱ መጠን ይወጣና ብጣሽ ወረቀት ይታተምላቸዋል። ክፍያው በቅባቱ ልክ ስለሆነ ውሃ መቀላቀል ኪሳራ ነው። የዚያን ቀን ከመቶ 6.8 ወጣ። አማቴ ወረቀቷን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው አነበቡና ፊታቸው ፈካ፤ ከኋላቸው የነበረችው ጎረቤት 6.1 ወጥቶላት መኖ ሻጩን ትራገማለች። ማታም እንደዚሁ ነው፤ ገንዘቡ በየጊዜው ተጠራቅሞ ባንክ ይገባላቸዋል። አሙል የሚባለው የህንድ ትልቁ የወተት ገበሬዎች ማኅበር የተወለደው እዚሁ አካባቢ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1946 ገበሬዎቹ ወተታቸውን በርካሽ ለሚወስደው ነጋዴ አንሸጥም ብለው ማኅበር መሠረቱ። እኔ ለአንድ ሲም ካርድ ሦስት ቀን ስጠብቅ የአማቴ ጉዳይ አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

መብራት በቆየንበት ጊዜ ሁሉ አንዴ ብቻ ጠፋ። ጉጃራት እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የቤቱንና የማሳውን መስመር ለይታለች፤ ቤት 24 ሰዓት ሲያገኝ የመስኖ ፓምፕ የሚሠራው በቀን 8 ሰዓት ገደማ ነው። እና የባለቤቴ አጎት ተራ ሌሊት ሲደርሳቸው ብርድ ልብስ ተከናንበው የትምባሆ ማሳቸውን ሊያጠጡ ይወጣሉ። የቧንቧ ውሃ ጠዋት ለጥቂት ሰዓት ብቻ ስለሚመጣ ጣሪያ ላይ ወዳለው ሮቶ ይሞላል። እንግዳ ግን የተጣራውን ይጠጣ፤ እኔ ሳልሰማ ቀርቼ ሆዴን ታመምኩ። የጤና ኬላዋ ነርስ ኦአርኤስ በነጻ ሰጥታኝ፣ በማግሥቱም ቤት ድረስ መጥታ አየችኝ።

ምግቡ ሥጋ የለውም፤ የጾም ነው ብላችሁ ግን እንዳትሸወዱ። ረቡዕ ቀን «ጾመኛ ነኝ» ብል አማቴ ደስ ብሏቸው ንጥር ቅቤ የተቀባ ቂጣ አቀረቡልኝ። ቻስ የሚሉት ከሙን የተነሰነሰበት አሬራ ነው፤ ለእሱ ስል ሰኞና ማክሰኞን እናፍቅ ነበር። ጠርሙስ ይዞ ለመሄድ ያሰበም ይተወው፤ ጉጃራት ውስጥ መጠጥ ያለ ፈቃድ ክልክል ነው።

መንደሯ ውስጥ ባለ ሁለት ፎቅ ቤቶች ተቆልፈው ቆመዋል፤ ባለቤቶቹ ለንደንና ኒው ጀርሲ ናቸው። የእኛም ከመቆለፍ የተረፈው አማቴ እንግሊዝ አልሄድም ስላሉ ነው። «ጎሾቹን ለማን ትቼ?» ይላሉ።

የምንሄድ ቀን ሹፌሩ ጥሩምባ ሲነፋ እሳቸው ገና ከወተት ማኅበሩ አልተመለሱም ነበር። ባዶውን ካኒስተር እያንቋቁ፣ ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ መጡ። ልስማቸው ጎንበስ ስል ወረቀቷን ዘረጉልኝ፤ 7.0።