ድሬዳዋ ላይ 14 ወር ከኤሲ ጋር፦ ማሽኑ ምንም አልሆነ፣ የተሳሳትነው እኛ

ኤሲውን የገዛሁት አምና ሚያዝያ ላይ ነው። ስፕሊት የሚባለው ዓይነት (አንዱ አካሉ ቤት ውስጥ፣ ሌላው ውጪ የሚሰቀል)፣ የማቀዝቀዝ አቅሙ 12 ሺህ ቢቲዩ፣ ኢንቨርተር፣ ማለትም ሞተሩ እንደ አስፈላጊነቱ ፍጥነቱን የሚጨምርና የሚቀንስ። ብራንዱን አልጠራም፤ ከ14 ወር በኋላ የማወራው አብዛኛው ነገር ከፋብሪካው ሳይሆን ከእኛው ቤት የመጣ ነውና። ቤታችን ሳቢያን ሰፈር ነው፤ የብሎኬት ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የቺፑድ ኮርኒስ። ኤሲው ያለበት ሳሎን አራት ሜትር በአራት ሜትር ነው፣ እማዬም ማታ የምትተኛው እዚያው ነው። ግንቦትና ሰኔን ድሬ ያሳለፈ ሰው ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ቬንትሌተሩ የሚያዞረው ያንኑ ትኩስ አየር ነው።

የመጀመሪያውን ሳምንት ሙሉ 16 ላይ አድርገን ነበር የምንከፍተው። ታናሽ ወንድሜ ከውጪ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ ሪሞቱን ያነሳና ቁልቁል ይጫነዋል፤ «ቶሎ እንዲያቀዘቅዝ» ነው የሚለው። ኤሲ ግን እንደ ውሃ ቧንቧ አብዝተው ስለከፈቱት አብዝቶ አይወርድም። 34 ዲግሪ የገባ ክፍል ውስጥ 16 ብትሉትም 25 ብትሉትም መጀመሪያ ላይ የሚሠራው ባለ በሌለ አቅሙ ነው። የሚለያዩት በኋላ ነው። 25 የተባለው እዚያ ሲደርስ ኮምፕረሰሩ፣ ጋዙን እየጨመቀ የሚያዞረው ሞተር፣ ረገብ ይላል፤ 16 የተባለው በእኛ ቆርቆሮ ቤት የማይደርስበትን ሲያሳድድ ያድራል።

ወንድሜ በወሬ አያምንም። ቆጣሪያችን የካርድ ስለሆነ ንባቡን ማየት ቀላል ነው፤ ሁለት ተከታታይ ሌሊት ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለካን። 18 ላይ ባደረበት ሌሊት ቤቱ 8.1 ኪሎዋት ሰዓት በላ፣ 26 ላይ ባደረበት 4.2። ፍሪጁ ሁለቱንም ሌሊት ሲሠራ ነው ያደረው፣ ስለዚህ ልዩነቱ የኤሲው ነው። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ደግሞ የወሩ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ደረጃ በደረጃ ይጨምራል፤ በብር ሲታይ ይብሳል። አሁን 26 ላይ አድርገን ቬንትሌተሩን በዝቅተኛው እናዞረዋለን። ወንድሜም ዝም ብሏል።

እማዬ በበኩሏ «ብርድ ያስመታኛል» ብላ ገና ሳይገጠም ተቃውማ ነበር። ጉንፋን የሚመጣው ከቫይረስ እንጂ ከኤሲ አይደለም አልኳት። «እሺ ዶክተር» ብላ ጋቢዋን ወደ አንገቷ ሳበች። ግማሹ እውነት ግን የእሷ ነበር፤ ነፋሱ ሌሊቱን ሙሉ ቀጥታ አንገቷ ላይ ነው የሚወርደው፣ አየሩንም ያደርቀዋል፣ ጠዋት ጉሮሮዋ ይከረክራታል። ነፋሱን የሚመራውን የኤሲውን ክንፍ ወደ ኮርኒሱ አቀናነው። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ መውረዱን ራሱ ይወርዳል። ከዚያ ወዲህ ስለ ጉሮሮዋ አልሰማሁም።

ውሃውም ሌላ ጣጣ ነበር። ነሐሴ ላይ ቱቦው ጀሪካን ሲሞላ «ጋዙ እየፈሰሰ ነው» ተባለ፤ ግንቦት ላይ ጠብታው ሲጠፋ ደግሞ «ተበላሽቷል»። ውሃው ከክፍሉ አየር የሚጨመቅ እርጥበት ነው፤ ዝናብ ሲኖር ይበዛል፣ በደረቁ ወር ይቀራል። ውሃ እየተሞላበት፣ መስኮት ተከፍቶ የሚሠራው ኤር ኩለር ሌላ ዕቃ ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው።

ትልቁ ጥፋት የራሴ ነው። የኤሲው የውጪ አካል በምዕራቡ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ ከሰዓት ፀሐይ በቀጥታ ታገኘዋለች። ያየው ሁሉ «ይቃጠልብሃል፣ ሸፍነው» ይለኛል። ብየዳ ቤት ሄጄ ከላይም ከጎንም የተዘጋ፣ ፊቱ ላይ ጠባብ ጠባብ ክፍተት ያለው የላሜራ ሳጥን አሠራሁለት። ቀለም አስቀባሁት፣ ሌባ እንዳይነካውም ቁልፍ አበጀሁለት። በማግስቱ 9 ሰዓት ላይ ኤሲው ጸጥ አለ፣ የስህተት ኮድ አወጣ። አጥፍቼ አበራሁት፤ ግማሽ ሰዓት ሠርቶ ደገመው። ውጪ ወጥቼ ሳጥኑን ስከፍት፣ አክንባሎ ሲነሳ እንደሚመጣው ያለ ወላፈን ፊቴን መታኝ።

ያኔ ነው የገባኝ። ይህ ማሽን ብርድ አያመርትም፤ የቤቱን ሙቀት እየለቀመ ውጪ ነው የሚደፋው። እኔ መድፊያውን ዘግቼበት የደፋውን መልሶ ሲስብ ነበር። አሁን ከላዩ ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ያለች አንዲት ቆርቆሮ ብቻ አለች፣ ፊቱና ጎኑ ክፍት ነው። ሳጥኑን እማዬ ለዶሮዎቿ ወሰደችው።

መጋቢት ላይ ሙቀቱ ሲመለስ ኤሲው ደከመ። የመጣው ቴክኒሻን የጋዝ መለኪያ ጌጁን ከቦርሳው እንኳ ሳያወጣ «ጋዙ አልቋል፣ በየዓመቱ ይሞላል» አለኝ። ጅቡቲ ኤሲ ጥገና ላይ ለሚሠራው ለአክስቴ ልጅ ደወልኩ። «አቦ፣ ጋዝ ቤንዚን ነው እንዴ የሚያልቀው? ዝግ ቱቦ ውስጥ ነው የሚዞረው። ከጎደለ የሚያፈስበት ቦታ አለ፤ ያንን ሳይደፍን የሚሞላልህ ሰው በመጪው ዓመትም ይመጣል። መጀመሪያ ፊልተሩን አሳየኝ» አለ። ቪዲዮውን አዞርኩለት፤ ሳቀ። የድሬ አቧራና የእማዬ ዕጣን ጭስ ተለውሰው ፊልተሩን የበግ ለምድ አስመስለውታል። ለብ ባለ ውሃና ሳሙና አጥቤ ጥላ ሥር አደረቅኩት፤ ብሬከሩን አጥፍቼ የውጪውን አካል ሙቀት ማውጫ ስስ ክንፎችም ቀስ ባለ ውሃ አጠብኩ። በዚያው ማታ እንደ ድሮው ሆነ። አሁን ፊልተሩን በየ15 ቀኑ አጥባለሁ። የምታስገጥሙ ካላችሁ ግን፣ ቫኪዩም ፓምፕ (ከቱቦው አየር መምጠጫ) ሳይዝ የመጣን ሰው መልሱት፤ ቱቦው ውስጥ የቀረ አየርና እርጥበት ኮምፕረሰሩን ነው የሚጎዳው።

ከሁሉም ያስደነገጠን የከሰሉ ነገር ነው። አንድ እሁድ በርና መስኮቱን ዘግተን፣ ኤሲውን ከፍተን፣ እዚያው ቡና ተፈላ። «ኤሲው ጭሱን ያወጣዋል» ብለን ነው። አያወጣም። በግድግዳው ቀዳዳ የሚያልፉት ሁለት የመዳብ ቱቦዎች፣ የመብራት ገመድና የውሃ ቱቦ ብቻ ናቸው፤ አየር አይወጣም፣ አይገባም። በረካው ሳይደርስ እማዬ ራሴን አለች፤ ጎረቤታችን ልትነሳ ስትል ተንገዳግዳ ግድግዳ ያዘች። ሁሉንም ከፋፍተን በረንዳ አወጣናቸው። ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ይገድላል፤ በእኛ ቤት ደግሞ የሆነ ነገር ሸተተን ብንል እንኳ የሚሸተን ዕጣኑ ነው። በርጫ፣ ጫት በሚቃምበት ቤት ላይም ይኸው ነው፤ ተዘግቶ፣ ኤሲ ተከፍቶ፣ መሀል ላይ ፍም። አሁን ቡናችን በረንዳ ላይ ነው። ጠዋት ጠዋትም ኤሲውን አጥፍተን መስኮት እንከፍታለን።

ከዕቃው ራሱ የማማርረው ጥቂት ነው። ክንፉን የሚያንቀሳቅሰው ሞተር ከስምንተኛው ወር ጀምሮ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ሌሊት ይሰማል። የሪሞቱ ማሳያ መብራት ስለሌለው ጨለማ ውስጥ ዳሰሳ ነው። እርጥበት መቀነሻው የጅቡቲው የአክስቴ ልጅ የሚምልበት ነው፣ ለእኛ ደረቅ ከተማ ግን ከነሐሴ ውጪ እምብዛም አልጠቀመኝም። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሦስት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ነው የሚነሳው፤ ይህ ብልሽት አይደለም፣ ኮምፕረሰሩን ለመጠበቅ ነው። ስታብላይዘር ለብቻው ገዝቻለሁ፤ ቮልቴጁ ከፍ ዝቅ በሚልበት ሰፈር ያለ እሱ አላምነውም።

እንደገና ብገዛ ይህንኑ እገዛለሁ፣ ግን ከኤሲው በፊት ኮርኒሱን ነበር የማስተካክለው። ከቆርቆሮውና ከቺፑዱ መሀል ምንም የለም፤ ሙቀቱ ቀጥታ ይወርዳል፣ ማሽኑም ሌት ተቀን ከጣሪያው ጋር ነው የሚታገለው። መሀሉ ላይ የሚገባ ሙቀት መከላከያ ፎም አዝዣለሁ። ሲገባ ያንኑ የሁለት ሌሊት ልኬት ከወንድሜ ጋር እንደግመዋለን፤ እሱ ለውጥ አይኖረውም ብሎ አንድ ኪሎ ቡና አስይዟል።