ስድስት ሳምንት ጤናና አመራር፦ እህቴ የወሰደችው የክረምት ሥልጠና

ባሕር ዳር ውስጥ ባጃጅ እነዳለሁ። ሰፈራችን ጣና ዳር ነው። ሰው «ወይጦ» ይለናል። ብዙዎቻችን ይህን ስም አንወደውም፤ «ነገደ» ብትሉን ደስ ይለናል። አባቴ ታንኳ ይሠራ ነበር። እናቴ ዛሬም ሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ደንገል ምንጣፍ ትሠራለች። ታናሽ እህቴ 11ኛ ክፍል ናት። ከሰፈራችን እዚያ የደረሱት በጣት ይቆጠራሉ።

ባለፈው ክረምት አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ያዘጋጀውን የጤናና የአመራር ሥልጠና ወሰደች። ክፍያ የለውም። ተማሪዎቹ 40 ገደማ ነበሩ። ከኛ ሰፈር 9 ገቡ። ሌሎቹ የሸክላ ሠሪና የቀጥቃጭ ልጆች፣ ከቀያቸው ተፈናቅለው የመጡና ከሌላም ሰፈር የመጡ ነበሩ። ልጆቻቸውን ማስገባት የሚፈልጉ ወላጆች ስለጠየቁኝ ያየሁትን ልጻፍ።

ምሳውን ላስቀድም። ለሌላው ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል። ድሮ አባቶቻችን ጉማሬ ያድኑ ነበር፤ አምባዛም ይበሉ ነበር። በዚህ የተነሳ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከኛ ጋር አይበላም ነበር። እኛ ሙስሊሞች ነን፤ ሆኖም ሠርግ ቤት ለብቻችን የቀረበልን ጊዜ አለ። እኔም ተማሪ ሳለሁ ምሳ ዕቃዬን የምከፍተው ለብቻዬ ነበር።

አዘጋጆቹ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ምሳው ሽሮና ምስር እንዲሆን ወሰኑ። ሥጋ ከሆነ የክርስቲያን፣ የእስላም ተብሎ ትሪው ይለያያል። ልጆቹ አምስት አምስት ሆነው በአንድ ትሪ ቀረቡ። በየሳምንቱ ቡድኑ ይቀያየራል። ፍልሰታ ሲገባ የሚያስቀድሱ ልጆች ስላሉ ምሳው ወደ 9 ሰዓት ተገፋ፤ የኛዎቹም አብረው ጠበቁ። የመጀመሪያው ቀን ማታ እህቴን «ምን ተማራችሁ?» ብላት፣ «አንዷ ልጅ አጎረሰችኝ» አለችኝ። እናቴ የያዘችውን ደንገል አስቀምጣ ብዙ ጊዜ ዝም አለች።

ከትምህርቱ ደግሞ ስለ ቢልሃርዚያ፣ ማለትም ከውኃ ስለሚይዘው የትል በሽታ፣ የተማሩት ይበልጣል። የላቦራቶሪ ባለሙያ ማይክሮስኮፕ ይዞ መጣ። ከሐይቁ ዳር የተለቀሙ ቀንድ አውጣዎችን ውኃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ብርሃን ላይ አቆያቸው። ከነሱ የወጣውን የትሉን እጭ ልጆቹ ተራ በተራ አዩት። በባዶ ዓይን የማይለይ ነገር ነው። ሰው ውኃው ውስጥ ሲቆም ቆዳውን በደቂቃዎች በስቶ ይገባል። እኛ ቤት የሚታወቀው ውኃውን ስንጠጣ እንደሚይዘን ነበር። ለካ እግር ማጠብም ይበቃል።

ከዚያ «ወደ ሐይቁ አትግቡ» የሚል ፖስተር ተለጠፈ። እህቴ እጇን አወጣች። «አጎቴ ደንገል የሚያጭደው እስከ ወገቡ ገብቶ ነው። አይግቡ ካልኳቸው ምን ይበላሉ?» አለች። አሠልጣኙን ያመሰገንኩት እዚህ ጋ ነው። ፖስተሩን አነሳና «እንግዲያው እናንተ ንገሩኝ፤ ምን ይሻላል?» አላቸው። ልጆቹ ሁለት ቀን ተከራከሩ። የትሉ እንቁላል ወደ ውኃው የሚገባው በሰገራ ስለሆነ የመጸዳጃ ቤቱ ጉዳይ ይቅደም አሉ። ለገላ መታጠቢያ የሚሆነውን ውኃ በጀሪካን ሁለት ቀን ማቆየት ይቻላል፤ እጩ በዚያ ጊዜ ውስጥ ይሞታል። መግባት ግድ የሆነበት ሰው ደግሞ ይመርመር፣ ፕራዚኳንቴል የሚባለውን የትሉን መድኃኒት ይውሰድ ብለው ወሰኑ። የመድኃኒቱ መጠን በክብደት ነው የሚለካው፤ ዳግም ውኃ ውስጥ ከገቡ ዳግም ሊይዝ እንደሚችልም ተነግሯቸዋል።

ቅዳሜ ማታ እቤት ይህንኑ ለአጎታችን አስረዳችው። «አንቱ ሰኞ ከኔ ጋር ጤና ጣቢያ ይሄዳሉ» አለችው። አጎቴ በልጅ ምክር የሚሄድ ሰው አይደለም። ሄደ።

የአመራሩ ክፍል በንግግር የተሞላ ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር። አልነበረም። ስብሰባ በተራ ይመራሉ፣ ቃለ ጉባኤ ይይዛሉ፣ ሰዓት ይቆጣጠራሉ፣ ማመልከቻ ይጽፋሉ። የኛ ሰፈር ልጆች ለቀበሌ የጻፉት ማመልከቻ ስለ ጋራ መጸዳጃ ቤት ነው። መልሱ ገና አልመጣም። ቅጂው ግን እናቴ ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል።

ስለ ወር አበባ የሴቶቹን ለብቻ ሴት ነርስ አስተምራቸዋለች። እህቴ ለኔ አልነገረችኝም፣ ለእናቴ ነው የነገረቻት። እንደዚያም መሆን አለበት።

አሁን የጎደለውን ልናገር። የመጀመሪያ እርዳታው ትምህርት ደካማ ነው። የልብ ማሸት መለማመጃ አሻንጉሊቱ አንድ ብቻ ነበር። በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ መጫን እንዳለበት እህቴ በቃሏ ታውቃለች፤ በእጇ የሞከረችው ግን አንዴ ነው። ታንኳ በሚገለበጥበት ሰፈር ይህ በቂ አይደለም። የዓርብ ክፍለ ጊዜ ከጁምዓ ጋር ተጋጭቶ ሁለት ሳምንት የኛ ወንዶች ልጆች አልተገኙም። ወላጆች ሄደን ስንናገር ወደ ጠዋት አዞሩት፤ ቀድሞ መጠየቅ ነበረባቸው። የትራንስፖርት አበሉም ዘግይቶ ነው የተከፈለው። ብዙ ልጆች በዝናብ በእግራቸው መጡ።

ከሁሉ የከፋኝ የመጨረሻው ቀን ነው። እንግዶች ካሜራ ይዘው መጡ። አስተባባሪው የኛን ሰፈር ልጆች ለብቻ ጠርቶ ታንኳ አጠገብ ቁሙ አላቸው። በር ላይ ቆሜ አየሁ፤ ደሜ ፈላ። ልገባ ስል እህቴ ቀደመችኝ። ድምጿን ሳታነሳ «ሁላችንም አብረን ከሆነ እንቆማለን» አለች። ያቺ ያጎረሰቻት ልጅ መጥታ አጠገቧ ቆመች። ከዚያ ሌሎቹ ተከተሉ። ፎቶው ሁሉም ያሉበት ሆነ። አስተባባሪው በኋላ ይቅርታ ጠየቀ፤ ከልቡ መሰለኝ።

ሌላው ቅሬታዬ ደግሞ ሥልጠናው መስከረም ላይ መቆሙ ነው። ትምህርት ቤት ሲከፈት ማንም ልጆቹን «እንዴት ናችሁ?» ያላቸው የለም። የወባው ወቅት የሚብሰው ከዝናቡ በኋላ ነው፤ ልጆቹ ቤት ለቤት የአጎበር ነገር ማስተማር የሚችሉትም ያኔ ነበር። በወር አንድ ቅዳሜ ቢሰጧቸው ይበቃል። ይህንን በጽሑፍ አስገብቻለሁ።

ይህም ሆኖ ልጃችሁን ላኩ። ያለፈው ምዝገባ ሰኔ ላይ ነበር። የክፍል ውጤት ካርድ ፎቶ ኮፒና የወላጅ ፊርማ ይጠይቃሉ። የዓርቡን ሰዓትና የአበሉን ቀን ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። ከሐይቁ ዳር የሚነሱ ልጆች ካሉ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ወደ ሥልጠናው ቦታ ነው የምሄደው። ሒሳብ አልቀበልም።