ከ«ቱዴይ» እስከ መርከበኞች ትንበያ፦ አንድ ሐሙስ ከቢቢሲ ሬዲዮ 4 ጋር

ሬዲዮ 4 ቢቢሲ ለወሬ ብቻ የመደበው ጣቢያ ነው። ዘፈን የለም ማለት ይቻላል፣ ማስታወቂያም የለም። ዜና፣ ክርክር፣ ድራማ፣ ቀልድ፣ ታሪክ፣ ሳይንስ፣ ሁሉም ተራውን እየጠበቀ ይመጣል። በዚህ ስሙ የሚሠራው ከ1967 ጀምሮ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፤ ሰዓቱ የለንደን ቢሆንም አቆጣጠሩን ግን የእኛን አደርገዋለሁ፣ አለዚያ እኔም እናንተም ግራ እንጋባለን።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ «ቱዴይ» ይገባል፤ እስከ 3 ሰዓት ዜና በዜና ነው። ከ1957 ጀምሮ ያለ ፕሮግራም ነው፤ ሚኒስትሮች ወጥሮ የሚይዛቸው ሰው የሚገጥማቸው እዚህ ነው ይባላል። ዋናዋ ቃለ መጠይቅ 2 ሰዓት ከ10 ላይ ናት። እንደ እኔ እንደ እኔ ግን ከሚወራላት በታች ናት። ጠያቂው ያቋርጣል፣ ሚኒስትሩ ከቤቱ ይዟት የመጣውን መልስ ይደግማል፣ ጠያቂው እንደገና ያቋርጣል፣ መጨረሻ ላይ ሰዓት አለቀ ተብሎ ይለያያሉ። እናንተም ምንም ሳትይዙ ትቀራላችሁ። ይልቅ 1 ሰዓት ከ45 አካባቢ ሦስት ደቂቃ የምታህል የሃይማኖት ሰዎች ተራ አለች፤ አንድ ቀን ቄስ፣ አንድ ቀን ኢማም፣ ሌላ ቀን ረቢ ይቀርባል። በፖለቲካ ጭቅጭቅ መሀል ድንገት ስብከት! ሃይማኖት የለንም የሚሉት «እኛስ?» እያሉ ዓመታት ተከራክረውባታል። እኔ ግን ወድጃታለሁ።

ሰዓት ሊሞላ ሲል ደግሞ ያቺ ታዋቂ «ፒፕ» ትሰማለች። አምስት አጫጭር፣ አንድ ረዘም ያለች። ከ1924 ጀምሮ ሰው ሰዓቱን ያስተካክልባታል። ዛሬ ግን በስልክ ወይም በዲጂታል ሬዲዮ የምትሰሙ ከሆነ አትመኗት፤ ዘግይታ ነው የምትደርሳችሁ። ወጥ ቤት ያለውን ኤፍኤምና ስልካችሁን ባንዴ ክፈቱና ሞክሩት፤ አንዱ ጨርሶ ዜና ማንበብ ሲጀምር ሌላው ገና ፒፕ ፒፕ ይላል።

ሐሙስን የመረጥኩት ለ3 ሰዓቱ ፕሮግራም ብዬ ነው። «ኢን አወር ታይም» ይባላል። በ1998 ጀምሮ እስከ 2025 ድረስ ሜልቪን ብራግ መራው፣ አሁን ሚሻ ግሌኒ ተረክቦታል። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ሦስት ምሁራን፣ አንድ ርዕስ፣ ሃምሳ ደቂቃ ገደማ። አንድ ሳምንት ተክል ከፀሐይ ብርሃን ምግቡን እንዴት እንደሚሠራ፣ ሌላ ሳምንት አንድ የጥንት ፈላስፋ። «ይህ ለእናንተ ኑሮ ምን ይጠቅማል» የሚል ማባበያ የለም። ብራግም ያቋርጥ ነበር፣ ግን እንደ ጠዋቶቹ አይደለም፤ ፕሮፌሰሩ መግቢያው ላይ ሲንዛዛ ወደ ነገሩ ይመልሰዋል፣ ሰሚው ያልገባውን ነገር ቀድሞ ይጠይቅለታል። ከ1000 በላይ ክፍሎች በማኅደር አሉ፣ በነፃ። ከእነሱ አንዱ አውሮፓውያን መጀመሪያ እስያ ውስጥ ኋላም እኛ አገር ሲፈልጉት ስለኖሩት ስለ ንጉሥና ካህን ዮሐንስ ተረት ነው። ከየት መጀመር እንዳለበት ለሚጠይቀኝ ሐበሻ ሁሉ እሱን ነው የምጠቁመው።

የሬዲዮ 4 ዋጋው እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ። ስልካችን የወደድነውን ነገር መልሶ መላልሶ ያቀርብልናል። ይህ ጣቢያ ግን የእናንተን ፍላጎት ከቁብ አይቆጥርም። ድስት ጥዳችሁ ሽንኩርቱ እስኪቁላላ ድረስ ብቻ የከፈታችሁት ሬዲዮ፣ በሕይወታችሁ ጠይቃችሁት ስለማታውቁት ነገር ያስተምራችኋል።

4 ሰዓት ላይ «ውመንስ አወር» አለ፣ ከ1946 ጀምሮ። የሚገርመው የመጀመሪያው አቅራቢ ወንድ ነበር። 7 ሰዓት ላይ እንደገና ዜና ነው፣ እለፉት።

ወደ «ዘ አርቸርስ» ልምጣ። በ1951 በመላ አገሪቱ መተላለፍ የጀመረ ተከታታይ ድራማ ነው፤ ይኸው እስካሁን አላለቀም። አምብሪጅ በምትባል የልብ ወለድ መንደር ያሉ ገበሬዎች ኑሮ ነው። ሲጀመር ዓላማው ማስተማር ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ ምግብ ገና በራሽን ነበርና ገበሬው ምርቱን እንዲያሳድግ ምክሩን በጨዋታ መሀል ያስገቡለት ነበር። «የቀን ቅኝት»ን የሰማ ሰው ዘዴውን ያውቀዋል። ማታ 1 ሰዓት ላይ ይተላለፋል፣ በማግስቱ 8 ሰዓት ላይ ይደገማል። እውነቱን ልናገር? አዲስ ሰው አይገባውም። ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማን ከማን እንደተጣላ ማንም አይነግራችሁም። ደግሞ እኮ ዋናው ጉዳይ አንዳንዴ የላም በሽታ ነው። ድምፁ ግን የሚገርም ነው፦ የበሩ ሲጢጥታ፣ ጭቃ ላይ የሚራመድ ቦቲ፣ የመጠጥ ቤቱ ጫጫታ። ዓይን ጨፍኖ መንደሩን ማየት ይቻላል።

12 ሰዓት ላይ የቢግ ቤን ደወል ተሰምቶ ዜና ይነበባል፣ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቀልድ ይከተላል። እዚህ ጋ ጣቢያው ይጥለኛል። አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል፣ እኔ ዝም። ቀልዱ ባብዛኛው የድሮ የቴሌቪዥን ሰው ስም ወይም የትምህርት ቤት ትዝታ ነው፤ እዚያ ያላደገ ከየት ያምጣው? በየወቅቱ ተራው ሲደርስ የሚመጣው «ጀስት አ ሚኒት» ብቻ ነው ከዚህ የሚለይ። በተሰጣችሁ ርዕስ ላይ አንድ ደቂቃ ማውራት ነው፤ መንተባተብ፣ ቃል መድገም፣ ከርዕስ መውጣት ክልክል። ቀላል ይመስላል፣ በአማርኛ ሞክሩትና ንገሩኝ።

ቅሬታዬም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ጣቢያው የሚያወራው ቤት ላለው፣ ለተማረ፣ ዕድሜው ገፋ ላለ እንግሊዛዊ ነው። ዓርብ 9 ሰዓት ላይ ከ1947 ጀምሮ የሚቀርብ የአትክልተኞች ጥያቄና መልስ አለ፤ ደስ ይላል፣ ግን አንዲት ክፍል ለተከራየ ሰው የጽጌረዳው ችግር ምኑ ነው?

ምሽት 4 ሰዓት ከ45 ላይ መጽሐፍ ይተረካል፤ በ«ከመጻሕፍት ዓለም» ላደገ ጆሮ ሩብ ሰዓቷ ታንሳለች እንጂ ባዳ አትሆንም። ከዚያ ሌሊት 6 ሰዓት ከ48 ላይ የመርከበኞች የአየር ትንበያ ይመጣል። ለስላሳ ሙዚቃ ይቀድማል። ከዚያ አንባቢው 31 የባሕር ክልሎችን በተራ ይጠራል፦ ቫይኪንግ፣ ፎርቲስ፣ ዶገር፣ ፊሸር፣ ጀርማን ባይት። ነፋሱ፣ ዝናቡ፣ ምን ያህል ርቀት እንደሚታይ። ድምፁ አይጣደፍም፣ አይጋነንም። መርከብ ረግጦ የማያውቅ ስንት ሰው ነው እሱን ሰምቶ የሚተኛው! በመጨረሻ የንጉሡ መዝሙር ይዘመርና 7 ሰዓት ላይ የሬዲዮ ሞገዱ ለቢቢሲ ዓለም አቀፍ አገልግሎት ይለቀቃል።

ዋጋውን ለምትጠይቁ፦ እንግሊዝ አገር የቴሌቪዥን ፈቃድ ይከፈላል፣ ሬዲዮ ብቻ ለሚሰማ ግን ምንም የለም። ከእንግሊዝ ውጭ ያላችሁ ደግሞ «ቢቢሲ ሳውንድስ» የሚባለው የሬዲዮ ማዳመጫ መተግበሪያ በ2025 ስለተዘጋባችሁ አትልፉ፤ ሬዲዮ 4 በዋናው የቢቢሲ ድረ ገጽና መተግበሪያ ላይ በቀጥታ ይሰማል። ዋሽንግተን ያላችሁ «ቱዴይ»ን ለመስማት ሌሊቱን መንቃት አለባችሁ፤ እንቅልፋችሁን ተኙ፣ «ኢን አወር ታይም»ን በፖድካስት አውርዱ።