ፉልሜታል አልኬሚስት፦ የ2003ቱ ወይስ የ2009ኙ?

ሁለቱም በዚህ ስም የወጡ የጃፓን አኒሜ (የካርቱን ተከታታይ) ናቸው። ሁለቱንም የሠራው ቦንስ ስቱዲዮ ነው፤ ታሪኩም የኤልሪክ ወንድማማቾች ነው።

ርዝመት፦ እ.ኤ.አ. በ2003 የጀመረው 51 ክፍል፤ «ብራዘርሁድ» የተባለው የ2009ኙ 64።

ታሪክ፦ የመጀመሪያው ሲሠራ መነሻው የሆነው የሂሮሙ አራካዋ ማንጋ (በሥዕል የሚተረክ የጃፓን መጽሐፍ) ገና ስላላለቀ ከመሃል የራሱን መንገድ ይዞ ሄደ። ብራዘርሁድ ግን ማንጋውን እስከ ፍጻሜው ይከተላል።

አጀማመር፦ እዚህ ላይ ያለ ይሉኝታ ለአሮጌው አደላለሁ። የትንሿን ኒና ታከርን ዕጣ የሚያሳየን ረጋ ብሎ ልጅቱን ካስወደደን በኋላ ነው። ብራዘርሁድ በአንድ ክፍል ይገላገላታል፤ ለማልቀስ እንኳ ፋታ አይሰጥም!

አጨራረስ፦ ብራዘርሁድ ይበልጣል። የ2003ቱን መቋጫ ለማግኘት በ2005 የወጣውን ፊልም መጨመር ግድ ነው።

ሐዘንና ትካዜ ለሚወድ የመጀመሪያው፣ የተሟላ ታሪክ ለሚፈልግ ሁለተኛው ይስማማል። ሁለቱንም ለማየት ያሰበ ግን ከ2003ቱ ይጀምር።