ማሳጅ ገን ወይስ ደረቅ መርፌ? ለሁለቱም የከፈለ የደሴ ልብስ ሰፊ ሂሳብ

በዚህ ወር ብቻ አራት ሰው ጠየቀኝ። የመጨረሻው የኮምቦልቻ ጓደኛዬ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ነው የሚውለው። "ወንድሜ፣ ያንን የሚንቀጠቀጥ ማሽን ልግዛ ወይስ አንተ የተወጋኸውን ልወጋ?" አለኝ። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳ እዚሁ ልጻፈው ብዬ ነው።

መልሴን አልደብቅም። ሕመማችሁ ወራት ያለፈው የጡንቻ ሕመም ከሆነ፣ በጣት ሲጫኑት ቋጠሮ ሆኖ የሚገኝ ከሆነ፣ ብራችሁን ለደረቅ መርፌ፣ ማለትም መድኃኒት ሳይኖረው ቋጠሮው ላይ ለሚገባው ቀጭን መርፌ አውጡት። ማሳጅ ገኑን፣ ያንን ጡንቻ የሚመታ የእጅ ማሽን፣ ተዉት።

እኔ ደሴ፣ አራዳ ልብስ እሰፋለሁ። ማሽን ላይ አጎንብሼ አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ። ከዚህ ውስጥ ሁለቱን ዓመት ቀኝ ትከሻዬና አንገቴ አላስተኛኝም። ክረምት ገብቶ የጦሳ ተራራ ብርድ ሲወርድማ ሕመሙ ጭንቅላቴ ድረስ ይወጣል። መጀመሪያ እንደ ሁሉም ሰው ዲክሎ፣ የሕመም ማስታገሻውን ዲክሎፌናክ፣ ተወጋሁ። ለሁለት ቀን ያስታግሳል፣ ከዚያ ይመለሳል። ደጋግሜ ስወስደው ጨጓራዬን አቃጠለኝ። ዲክሎ ሲደጋገም ጨጓራንም ኩላሊትንም እንደሚጎዳ የነገረኝ በኋላ ያገኘሁት ሐኪም ነው።

ከዚያ ማሳጅ ገን ገዛሁ። 3,800 ብር፣ ከፒያሳ። ባለሱቁ "ኦሪጅናል ነው፣ የስድስት ወር ዋስትና አለው" ብሎ በካርቶኑ ላይ ፈረመልኝ። በአራተኛው ወር ባትሪው ቻርጅ አልይዝ አለ። ካርቶኑን ይዤ ስሄድ "ዋስትናው ለሞተሩ ነው፣ ለባትሪው አይደለም" አለኝ። ያን ቀን በጣም ነው የተናደድኩት፤ ለዚያ ብር ስንት ሱሪ እንደሰፋሁ አውቃለሁና። ሞባይል ሠሪ ጋ ወስጄ በ900 ብር ባትሪ አስቀየርኩ።

ሲከፍተው አጠገቡ ቆሜ አየሁ። ስድስት ባትሪ የሚይዝ ቦታ አለው፣ የገቡት ግን ሦስት ናቸው። ሞተሩ ክብ ይዞራል፣ አንዲት ክንድ ደግሞ ዙሩን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ምት ትቀይረዋለች። የስፌት ማሽንም መርፌውን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው በዚሁ መንገድ ስለሆነ፣ ምቱን በማስመሪያ ለካሁት። 7 ሚሊሜትር። እውነተኛው ቴራገን፣ ታዋቂው የማሳጅ ገን ብራንድ፣ በትልልቆቹ ሞዴሎቹ 16 ሚሊሜትር ይመታል። የእኔው ቆዳዬን ሲያንቀጠቅጥ ነበር ማለት ነው። ካርቶኑ ላይ "30 ፍጥነት" የሚለው አያታልላችሁ። ፍጥነት ስለበዛ ጥልቀት አይጨምርም።

ሁለት ወር ቆይቶ ያቺ ክንድ ተሰበረች። መለዋወጫ የሚባል ነገር የለም፣ ደሴም ኮምቦልቻም ጠይቄያለሁ። አንድ ብረት ሠሪ በ350 ብር አስመስሎ ሠራልኝ። አሁን ይሠራል፣ ግን ድምፁ ጎረቤት ይቀሰቅሳል። ድምሩ 5,050 ብር ሆነ። ሕመሙ? ስጠቀመው ደስ ይላል፣ ሙቀት ይሰጣል። ጠዋት ስነሳ ሁሉም እዚያው ነው።

ኦሪጅናሉን ግዙ የሚል ይኖራል። ዋጋውን ጠይቄያለሁ፤ የአንድ ጥሩ ስፌት ማሽን ዋጋ ነው። ያን ያህል ካለኝ ስፌት ማሽን እገዛለሁ።

አሁን ወደ መርፌው። ደረቅ የተባለው መድኃኒት ስለሌለበት ነው። ውስጡ ቀዳዳ የለውም፣ ድፍን ሽቦ ነው። ውፍረቱ ብዙ ጊዜ 0.25 ወይም 0.30 ሚሊሜትር ነው። እኛ ሱሪ የምንሰፋበት 14 ቁጥር መርፌ 0.9 ነው፤ ሦስቱ ተደርበው አንዱን ያክላሉ። ፊዚዮቴራፒስቱ ቋጠሮውን በጣቱ ይፈልጋል፣ ከዚያ መርፌውን እዚያው ላይ ያስገባዋል። ቦታውን ሲያገኘው ጡንቻው ራሱ ይዘልላል። የሐይቅ ዓሣ ከመረብ ሲወጣ እንደሚፈራገጠው፣ አንዴ ብቻ። ያኔ ደንግጬ ነበር። ወዲያው ግን አንገቴን ወደ ቀኝ ሳዞር ለወራት ያልደረስኩበት ቦታ ደረስኩ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። የቼኩ ሐኪም ካሬል ሌዊት እንደ ፈረንጆቹ በ1979 ባወጣው ጽሑፍ፣ እፎይታው የሚመጣው ከሚወጋው መድኃኒት ሳይሆን ከመርፌው ራሱ እንደሆነ ጽፏል። ዋናው ነገር ትክክለኛውን የሚያም ቦታ ማግኘት ነው ብሏል።

ዋጋው ይኸው። አንዱ 600 ብር፣ በሳምንት አንዴ፣ አምስት ጊዜ። 3,000 ብር። ከማሽኑ በ2,050 ብር ያነሰ። ከተወጋሁ በኋላ አንድ ሁለት ቀን ቦታው ይዝላል፣ እንደ ከባድ ሥራ ድካም። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት እሄድ ነበር፣ እሑድ አርፌ ሰኞ ሥራ እገባለሁ። ይህን ካላሰባችሁ የአንድ ቀን ገቢም ሂሳቡ ውስጥ ይገባል።

መርፌው ብቻውን ግን አይበቃም። ሦስተኛው ሳምንት ላይ "ድኛለሁ" ብዬ የታዘዘልኝን የአንገትና የትከሻ እንቅስቃሴ ተውኩት። በስምንት ቀን ተመለሰብኝ። እፎይታው በር ይከፍታል፣ ጡንቻውን የሚያጠነክረው ግን እንቅስቃሴው ነው። ወንበሬንም ከፍ አደረግሁት። ለእሱ አናጢው 150 ብር ወሰደ፣ ሂሳቡ ላይ ደምሩት።

መርፌውም ጋ ርካሽ ወጥመድ አለ። መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ 250 ብር ነበር። ሰውዬው መርፌውን አልኮል ካለበት ብልቃጥ አወጣ። ተነስቼ ወጣሁ። አልኮል ውስጥ የተቀመጠ መርፌ ንጹሕ አይደለም፤ ሄፓታይተስ ቢና ኤችአይቪ በተደጋገመ መርፌ ይተላለፋሉ። አንዲት ደንበኛዬ ደግሞ ሌላ ቦታ "ደረቅ መርፌ" ተብላ በሲሪንጅ መርፌ ተወግታለች። 21 ቁጥር የሲሪንጅ መርፌ 0.8 ሚሊሜትር ነው፣ ጫፉም ለመቁረጥ ተስሎ የተሠራ ነው። ክንዷ ሳምንት ሙሉ ጠቁሮ ነበር።

ስለዚህ ፓኬቱ ዓይናችሁ እያየ ይቀደድ። የማብቂያ ቀኑን አንብቡ። ተጠቅሞ የት እንደሚጥለው ተመልከቱ፣ ሹል ነገር የሚጣልበት ሣጥን ከሌለ ውጡ። የመርፌ ጥራትም ይለያያል። የእኔ ባለሙያ ሥራዬን ስለሚያውቅ ከሁለት ፓኬት አንዳንድ አዲስ መርፌ አውጥቶ አሳየኝ። ሁለቱንም በሳቲን ቁራጭ ላይ ጎተትኳቸው። አንዱ አለፈ። ሌላው ክር መዘዘ፣ ሹሉ ታጥፎ መንጠቆ ሠርቷል ማለት ነው። ያንን ፓኬት ሙሉውን ጣለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይበልጥ አመንኩት።

ከመርፌው በላይ ግን እጁ ነው። በአንገትና በትከሻ መካከል ካለው ጡንቻ ሥር ሳንባ አለ። ሠልጥኖ የሚወጋ ሰው ጡንቻውን በጣቶቹ ቆንጥጦ ከጎድን አጥንት ያርቀዋል። ያልሠለጠነ ሰው ሳንባ ሊበሳ ይችላል። ከተወጋችሁ በኋላ ትንፋሽ ካጠራችሁ ወይም ደረታችሁን ከወጋችሁ ለነገ አትበሉ፣ ሆስፒታል ሂዱ። ፊዚዮቴራፒ በዲግሪ የተማሩ አሉ፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ያስመርቃል። ደረቅ መርፌ ግን ከዲግሪው በላይ ተጨማሪ ሥልጠና ይፈልጋል። "የት ሠለጠንክ?" ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ዋግምትስ፣ ሒጃማስ የሚሉኝ አሉ። እሱ ቆዳ ተሰንጥቆ ደም የሚወጣበት ሌላ ነገር ነው፣ እዚህ አላወዳድረውም።

ዋርፋሪን ወይም ሌላ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ፣ ነፍሰ ጡሮችም፣ ከመወጋታችሁ በፊት ተናገሩ። የጀርባ ሕመሙ ከትኩሳት፣ ከሌሊት ላብና ከክብደት መቀነስ ጋር ከመጣ ማሽንም መርፌም አይደለም፣ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው። እግር ከደነዘዘና ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ደግሞ በዚያው ቀን።

ከሐይቅ፣ ከኩታበርና ከኮምቦልቻ የምትመጡ ደርሶ መልስ ትራንስፖርቱን በአምስት አባዙት። ለጓደኛዬ ስደምርለት እንኳ ከማሽኑ አልበለጠም። ቀድማችሁ ደውሉና ሁለት ነገር ጠይቁ፦ መርፌው ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ ነው ወይ? 600 ብሩ ምርመራውንም ይጨምራል ወይ? እኔን የመጀመሪያው ቀን ምርመራውን በነፃ አይተውኛል፣ ለብቻው የሚያስከፍሉም ግን አሉ።